የውሃ ዳር ሐረግ በአኳሪየምና በጓሮ ኩሬ

(ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ለሚኖሩ፣ ዓሣና የጓሮ አትክልት ለሚወዱ ወገኖች በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜን የመሰለ ቀን፣ ያውም እንዲህ ፀሐይ በወጣበት፣ አዳራሽ ውስጥ ለመቀመጥ መምጣታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም አላስረዝምባችሁም፤ የማወራው ስለ አንድ ተክል፣ ጀርመኖች ፕፌኒግክራውት ስለሚሉት የውሃ ዳር ሐረግ ብቻ ነው።

እነዚህን ሁለት ቅርንጫፎች ወደ ኋላ እያሳለፋችሁ ተመልከቷቸው። የመጀመሪያው ዛሬ ጠዋት ከኩሬዬ ጠርዝ የቆረጥኩት ነው። መሬት ላይ ተጋድሞ የሚሄድ ነው፤ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግራና ቀኝ ተሰልፏል፤ ክብ ነው፣ ወፈር ይላል፣ ያብለጨልጫል። ስፋቱ ከአንድ ዩሮ ሳንቲም ብዙም አይርቅም። በየአንጓው ሥር አውጥቷል፤ ጣታችሁን ከግንዱ በታች ብታሳልፉ ይታወቃችኋል። ሁለተኛው፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያለው፣ ከሳሎኔ አኳሪየም የወጣ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠሉ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከውሃው ብታወጡት ወዲያው ይዝለፈለፋል። ሁለት የተለያዩ ተክሎች ይመስላሉ አይደል? ሁለቱም ከአንድ ማሰሮ የተከፈሉ ናቸው።

ፕፌኒግክራውት የጀርመንኛ ስሙ ነው። ሱቅ ስትሄዱ ግን ማንበብ ያለባችሁ የላቲኑን ስም ነው፦ ሊሲማኪያ ኑሙላሪያ። ስሙን በ1753 የሰጠው ስዊድናዊው የተክል ሊቅ ሊኔየስ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዘመዶቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ብርዱ ገና ሳይወጣ በየሱፐርማርኬቱ በር ላይ የሚደረደሩት ፕሪመል የሚባሉት ባለ ብዙ ቀለም አበቦች ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። ሌላው የምወድለት ነገር የዚሁ አገር ተወላጅ መሆኑ ነው። ከአማዞን ወይም ከታይላንድ አልመጣም። እንደ ኒዳ ባሉ ወንዞች ዳር፣ በእርጥብ ሜዳ፣ በቦይ ጠርዝ፣ ጥላ ባለበት የጫካ መንገድ ላይ የሚበቅል ነው። ሳታውቁት ብዙ ጊዜ ረግጣችሁት አልፋችኋል፤ ቢረገጥም ብዙ አይከፋውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ተክል የወንዝ ዳር ነዋሪ ነው። በብርዱ ወራትና በረዶው በሚቀልጥበት ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሲሸፍነው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይቆያል፤ ውሃው ሲሸሽ እርጥቡ ጭቃ ላይ ይሳባል። ውሃ ውስጥ መኖርን ይችለዋል፤ ቤቱ ግን ዳሩ ነው። አኳሪየም ውስጥ የሚያስቸግራችሁም፣ ኩሬ ዳር ያለ ሐሳብ የሚያድግላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው። ሻጩም፣ ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕልም ይህን አይነግራችሁም፤ «የአኳሪየም ተክል» ብለው ይሸጡላችኋል፣ እናንተም እንደ ውሃ ተክል ትጠብቁታላችሁ፣ ከዚያ ትጣላላችሁ።

ከአኳሪየሙ ልጀምር። አብዛኞቻችሁ ያላችሁ 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ 54 ሊትር የሚይዘው ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ልጆች ሲያስቸግሩ ከነመብራቱ፣ ከነፊልተሩ የሚገዛው። ለዚህ ተክል በቂ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነፋ ጠርሙስ አያስፈልግም፤ ልዩ አፈር አያስፈልግም፤ ከቧንቧችን የሚወርደው ካልክ (ኖራ) የበዛበት ውሃም አያስከፋውም። ፍራንክፈርት ውስጥ የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም የካልኩ መጠን፣ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ሻይ ማፍያችሁ ቶሎ ነጭ የሚለብስ ከሆነ ጠንካራው ደርሷችኋል ማለት ነው። ለስላሳ ውሃ የሚፈልጉ ስንት ውድ ተክሎች እዚያ ውሃ ውስጥ ሲሞቱ ይኼኛው ዝም ብሎ ይኖራል።

የሚከፋው ሙቀት ነው። ከ15 እስከ 24 ወይም 25 ዲግሪ ባለው ውሃ ደስተኛ ነው። ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ግንዱ ይሰለላል፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ከታች መበስበስ ይጀምራል። ዲስከስ የሚባለውን ሙቅ ውሃ ወዳድ ዓሣ የምታረቡ ካላችሁ፣ ያ 28 እና 30 ዲግሪ ውሃ የእሱ ቦታ አይደለም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። በአንጻሩ ማሞቂያ በሌለው አኳሪየም ውስጥ ከእሱ የተሻለ ግንዳም ተክል ብዙ የለም። ከ2022 ወዲህ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቃለን። ሳሎናችሁ 19 ወይም 20 ዲግሪ ከሆነ ማሞቂያውን ነቅላችሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወዱ ዓሦችን ብታስገቡ ተክሉም ዓሣውም ይስማማሉ። እኔ የምመክረው እዚህ አገር ካርዲናልፊሽ የሚባለውን ትንሹን ዓሣ ነው። መነሻው ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ አጠገብ ያለው የነጭ ደመና ተራራ ነው፤ ሳይንሱ በ1932 መዝግቦታል፤ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውሃ ይመቸዋል፣ ተክልም አይነካም። ጎልድፊሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቅጠሉን ባይጨርሰው እንኳ ጠጠሩን እየማሰ ይነቅለዋል፤ ከዚህም ሌላ 54 ሊትር ለጎልድፊሽ አይበቃውም።

ተክሉን ከሁለት ቦታ ልትገዙት ትችላላችሁ። አንዱ የአኳሪየም ሱቅ ነው፤ በትንሽ የፕላስቲክ ማሰሮ ሆኖ ሥሩ በነጭ ሱፍ መሳይ ነገር ተጠቅልሎ ይመጣል። ሌላው ባውማርክት (የቤት መሥሪያና የጓሮ ዕቃ መደብር) ወይም የአትክልት መሸጫ ነው፤ የኩሬ ተክሎች ወይም በየዓመቱ የሚያገረሹ አበቦች የሚደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ተክሉ ያው ነው። ነገር ግን ከአትክልት መሸጫ የመጣው ላይ ፀረ ተባይ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። ለሰው አይታወቅም፤ ለዓሣም ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ሽሪምፕ ግን ይፈጃል። ሽሪምፕ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ይህን አድምጡ፦ ከአትክልት መሸጫ ያመጣችሁትን በቀጥታ አኳሪየም ውስጥ አትክተቱ። በባልዲ ውሃ ውስጥ አኑሩት፣ ውሃውን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለውጡ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አዲስ ጫፍ ሲያወጣ አዲሱን ብቻ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ።

አሁን ስለ አተካከሉ። ማሰሮውን አውልቁ፤ ነጩን ሱፍ በጣታችሁ እየበጣጠሳችሁ አስወግዱት፤ ቀርቶ ጠጠር ውስጥ ከገባ ሁልጊዜ እየተንሳፈፈ ያሰለቻችኋል። በእርሳስ ብረት ማሰሪያ የታሰረ ጭብጥ ከሆነ የገዛችሁት፣ ማሰሪያውን ፍቱት። «እንዲህ ታስሮ ነው የሚተከለው» ብሎ የሚመክር አለ፤ አትስሙት። ማሰሪያው የያዘው ቦታ ነው መጀመሪያ የሚበሰብሰው፣ ከዚያ ጭብጡ በሙሉ ነፍስ አውጪኝ ይላል። እያንዳንዱን ግንድ ለብቻ ለዩ። ከታች ሁለት ጥንድ ቅጠል ቀንጥሱ። ቅጠል የነበረበት አንጓ ጠጠሩ ውስጥ እንዲገባ በወረንጦ ይዛችሁ ሰካ አድርጉት፤ ሥር የሚያወጣው አንጓው ነው፣ ባዶው ግንድ አይደለም። በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ተዉ። ስስት ይይዛችሁና ታጨናንቁታላችሁ፤ ከተጨናነቀ የታችኛው ቅጠል ብርሃን ያጣና ይረግፋል፣ ግንዱ ራቁቱን ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት የሚጠይቀው ጊዜ ይመጣል። ከአኳሪየም ሱቅ የገዛችሁት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ያደገ አይደለም። አምራቾቹ እርጥበት በሞላው ግሪንሃውስ ውስጥ፣ ከውሃ በላይ ነው የሚያሳድጉት፤ ቶሎ ያድግላቸዋል፣ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ልባስ) አይዘውም፣ መንገድም ይችላል። እናንተ ውሃ ውስጥ ስታሰጥሙት እነዚያ ለአየር የተሠሩ ወፍራም ቅጠሎች አገልግሎታቸው ያበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ይገረጣሉ፣ ቀዳዳ ያወጣሉ፣ ይቀልጣሉ። ብዙ ሰው ነቅሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። እናንተ ግን የሚረግፈውን ቅጠል ሳይሆን ጫፉን ተመልከቱ። ጫፉ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ስስ ቅጠል ብቅ ካለ ተክሉ ውሃውን ተቀብሏል። ያን ጊዜ ከአዲሱ ክፍል አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ቁረጡና ጎኑ ትከሉት፤ አሮጌውን ግንድ ነቅላችሁ ጣሉት። ከዚያ ወዲያ አኳሪየማችሁ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሃ ውስጥ የተወለደ ይሆናል፣ አይቀልጥም።

በዚህ መሀል አንዲት እህት ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች፦ «የእኔ ቢጫ ሆኗል፤ ብረት አንሶት ነው ወይስ ታሟል?» እኔም መልሼ የጠየቅኳት ስትገዛው ምን ዓይነት እንደነበር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ «አውሬያ» የሚባል ወርቃማ ዝርያ አለ፤ ሲፈጠር ቢጫ ነው፣ በጣም የሚሸጠውም እሱ ነው። ያ ከሆነ ምንም አልጎደለውም። እንዲያውም ብርሃን ሲያንሰው ነው ቢጫነቱን ትቶ አረንጓዴ የሚሆነው፤ ውሃ ውስጥም ብዙ ጊዜ ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ያደላል። አረንጓዴው ዝርያ ሆኖ አዲሶቹ ቅጠሎች ብቻ ከገረጡ፣ በቅጠሉ ላይ የተዘረጉት የደም ሥር መሳይ መስመሮች ግን አረንጓዴ ሆነው ከታዩ፣ ያን ጊዜ ብረት ያለበት የአኳሪየም ማዳበሪያ ጨምሩ። አሮጌዎቹ ከታች እየቢጫጩ ከሄዱ ደግሞ ብርሃኑ እዚያ አልደረሰም፤ መቀስ አንሡ እንጂ ማዳበሪያ አትጨምሩ።

መብራቱን በቀን ስምንት፣ ቢበዛ አሥር ሰዓት አብሩ። ሲበዛ የሚጠቀመው አልጌ ነው፤ ይህ ተክል ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ቅጠሉ ላይ አልጌ ቶሎ ይቀመጣል። በየአንጓው ነጭ ክር የመሰለ ሥር ውሃው ውስጥ ሲንጠለጠል ብታዩ አትደንግጡ፤ ተፈጥሮው ነው። «ውሃ ያጣራል» እየተባለም ይሸጣል። እውነቱን ለመናገር ብዙም አያጣራም። የዓሣውን ኩስ የሚበላላችሁ ፈጥኖ የሚያድግ ተክል ነው፤ ሆርንብላት የሚባለው፣ ሥር የሌለው መርፌ ቅጠል ለዚያ ይሻላል። ይኼ ለውበቱና ለጠንካራነቱ ነው የሚፈለገው።

አንድ ስህተት በጣም ተለምዷልና ሳልናገር ብቀር ደስ አይለኝም። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ በስልክ ስትመካከሩ ተጠንቀቁ። እዚያ «መኒወርት» ተብሎ በአኳሪየም ሱቅ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ባኮፓ ሞንኔሪ የሚባል ፍጹም ሌላ ተክል ነው፤ የአትክልተኞቹ «መኒወርት» ደግሞ ይኼ የእኛው ነው። ባኮፓ የሞቃት አገር ተክል ስለሆነ 27 ዲግሪ አይከብደውም። ስለዚህ የሜሪላንዱ የአጎት ልጅ «እኔ ጋ በሙቅ ውሃ ተንበሽብሿል» ቢላችሁ አልዋሸም፤ የምታወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። መለያው ቀላል ነው። የባኮፓ ቅጠል ከስፋቱ ይልቅ ርዝመቱ ይበልጣል፣ ወደ ግንዱ ሲጠጋ ይጠብባል፣ ግንዱም ሥጋማ ነው። የእኛው ክብ ነው። ሌላው የባኮፓ ዓይነት፣ ካሮሊናዊው፣ ደግሞ ቅጠሉን በጣት ስታሹት ሎሚ ሎሚ ይሸታል። አበባ ካወጣ ጨርሶ አያሳስትም፤ የባኮፓዎቹ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነው፣ የዚህ ደማቅ ቢጫ ነው።

አሁን ወደ ኩሬው እንውጣ፤ እኔም ስለዚህ ሳወራ ነው ይበልጥ ደስ የሚለኝ።

ክላይንጋርተን፣ ማለትም ከማኅበር የተከራያችሁት የአትክልት ቦታ፣ ያላችሁ ሕጉን ታውቁታላችሁ። ከ1983 ጀምሮ ባለው ሕግ መሬቱ ከ400 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ለፍራፍሬና ለአትክልት መዋል አለበት። ኩሬ መቆፈር ይቻላል፤ ስፋቱንና ጥልቀቱን ግን እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ደንብ ይወስናል፤ ኩሬው ውስጥ የሚነጠፈውን ላስቲክ ሳትገዙ በፊት ሊቀመንበሩን ጠይቁ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ኩሬው ወይ ይታጠር፣ ወይ ከውሃው ወለል በታች ጠንካራ ፍርግርግ ይደረግበት። ሕፃን ለመስጠም ብዙ ውሃ አያስፈልገውም። ይህን ካልኩ ሌላውን በደስታ ልቀጥል።

ይህን ተክል ኩሬ ዳር ለመትከል እውቀት አይጠይቅም። ግንዱን ትቆርጣላችሁ፣ እርጥብ ጠጠር ወይም ጭቃ ላይ ታስተኛላችሁ፣ እንዳይንሸራተት ትንሽ ድንጋይ ትጭኑበታላችሁ። በቃ፣ አለቀ። ሥሩ ከውሃው ጋር እኩል ወይም እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ቢሆን ይመቸዋል። ከዚያ ራሱ መንገዱን ያውቃል፤ አንዱን ክንድ ወደ ውሃው ይልካል፣ ሌላውን ወደ ሣሩ። ቁመቱ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ሌላውን ተክል አይጋርድም፤ ርዝመቱ ግን ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። የኩሬ ባለቤት ሁሉ የሚያፍርበት ያ ጥቁር የላስቲክ ጠርዝ በአንድ በጋ ከዓይን ይሰወራል።

እዚህ ጋ ግን ብዙዎች የማያውቁት አደጋ አለ። አንድ የክላይንጋርተን ጎረቤቴ ኩሬው በየሳምንቱ እየጎደለ አስቸገረው። ላስቲኩ ተቀዷል ብሎ ውሃውን በሙሉ አወጣ፣ ዓሦቹን በገንዳ አስቀመጠ፣ ላስቲኩን በእጁ እየዳሰሰ ቀዳዳ ፈለገ፤ ምንም የለም። ሞላው፤ እንደገና ጎደለ። ቀዳዳ አልነበረም። ጠርዙን ለመሸፈን የተከለው ፕፌኒግክራውት ከላስቲኩ አልፎ ደረቁ አፈር ላይ ሥር ሰድዶ ነበር። ግንዱ፣ ሥሩና በመካከሉ የተጠራቀመው ጭቃ እንደ ኩራዝ ክር ሆኖ ውሃውን እየሳበ ለአበባ መደቡ ያጠጣዋል። በሞቃት ሐምሌ ይህ የሚወስደው ውሃ ቀላል አይደለም። ጀርመኖች መከላከያውን ካፒላርሽፔረ ይሉታል፤ ነገሩ ይኼ ነው፦ የላስቲኩ ጫፍ ተጋድሞ አፈር ውስጥ መቀበር የለበትም፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቁም፣ ከውጭ በኩል ደግሞ ጠጠር የሞላ ጠባብ ቦይ ይሠራለት። ተክሉ ያን አልፎ ሲንጠለጠል ጠጠሩ ላይ በቀላሉ ሥር አይዝም። ከያዘም መቀስ አለ። በየወሩ ጠርዙን ዞር ዞር ብላችሁ ተሻግሮ ሥር የያዘውን ቁረጡ። ኩሬያችሁ ያለ ምክንያት ከጎደለ፣ ላስቲኩን ከማውጣታችሁ በፊት ጠርዙን እዩ።

ብርዱን አትፍሩለት። 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ይችላል። ቅጠሉ ቀላ ብሎ ወይም ጠቁሮ ብታዩት፣ ከፊሉም ቢረግፍ፣ በሚያዝያ እንደገና ይነሣል። መጋረጃ፣ ገለባ፣ ምንም አያሻውም። የሚጎዳው ፀሐይና ድርቀት አንድ ላይ ሲመጡበት ነው፤ በተለይ ወርቃማው ዝርያ ውሃ ባጣበት ቦታ ቀትር ፀሐይ ሲያገኘው ቅጠሉ ይነዳል። ግማሽ ጥላና እርጥብ እግር ስጡት። ሙሉ ጥላ ላይ ወርቃማው ወርቃማ መሆኑን ያቆማል፤ ያን ያህል ገንዘብ የከፈላችሁበት ቀለም ስለሆነ አስቡበት።

በሰኔ ገደማ ያብባል። አምስት የአበባ ቅጠል ያለው ቢጫ አበባ ከየቅጠሉ ብብት ይወጣል፤ ቀርባችሁ ብታዩት ውስጡ ጥቁር ቀይ ነጠብጣብ አለበት። ይህ የተክል ወገን ለነፍሳት የሚያቀርበው ነገር ያልተለመደ ነው፤ ማር ሳይሆን ዘይት ነው። ማክሮፒስ የምትባል የዱር ንብ አለች፤ ይህን ዘይት ከአበባው በእግሮቿ ጠርጋ ትወስዳለች። ጎጆዋን የምትሠራው እርጥብ መሬት ውስጥ በመሆኑ፣ የልጆቿን ክፍል በዘይቱ ትለብጠዋለች፤ ውሃ አያስገባም። በብዛት የምትሄደው ረጅሙ ዘመዱ፣ ሊሲማኪያ ቩልጋሪስ ዘንድ ነው፤ ይኼኛውንም ትጎበኛለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ብትተክሉ የማየት ዕድላችሁ ይሰፋል።

አበባው ይህን ያህል ቢያምርም ዘር የሚቋጥረው እምብዛም ነው። የራሱን የአበባ ዱቄት አይቀበልም፤ አንድ ሜዳ ሙሉ የምታዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ግንድ የተራባ፣ በተፈጥሮው ፍጹም አንድ የሆነ ነው። የሚስፋፋው በቁራጭ ነው። ይህ ለእኛ ሁለት ነገር ማለት ነው። በአንድ በኩል በነፋስ ዘሩ ተበትኖ የጎረቤት መደብ ላይ አይበቅልም፤ በመቀስ የሚገዛ ተክል ነው። በሌላ በኩል እያንዳንዱ አንጓ ያለው ቁራጭ አዲስ ተክል ነው። ስትከረክሙት የወደቀውን ልቀሙ። ማዳበሪያ ክምር ላይ እርጥቡን ከጣላችሁት እዚያው ይለመልማል፤ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

መሬት የላችሁም? በረንዳ ይበቃል። ባውማርክት የሲሚንቶ ማቡኪያ ጥቁር ገንዳ፣ 90 ሊትሩ፣ በጥቂት ዩሮ ይሸጣል። ጠጠር አነጥፉበት፣ ውሃ ሙሉት፣ አንድ ጡብ ከዳር አስቀምጣችሁ ይህን ተክል በማሰሮ ላዩ ላይ አኑሩት፤ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ጥቁሩን ፕላስቲክ ይሸፍናል። ክብደቱን ግን አስሉ፦ ውሃው ብቻ 90 ኪሎ ነው፣ ጠጠሩ ሲጨመር ከመቶ ያልፋል። ቤቱ አሮጌ ከሆነ አከራዩን ጠይቁ። እንዲህ ያለ ገንዳ በብርዱ ወራት እስከ ታች ሊረጋ ስለሚችል ዓሣ አታሳድሩበት፤ ተክሉ ግን ይተርፋል።

ልጨርስ ነው፤ አንድ ከበድ ያለ ነገር ቀርቶኛል። እምቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከታየ ወዲህ ስንት ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በእጁ ሲነቅል እንደኖረ በቴሌቪዥን አይተናል። ያ ተክል እዚህ አገር በየበጋው ባውማርክት ውስጥ ለኩሬ ጌጥ ይሸጥ ነበር፤ ወይን ጠጅ አበባው ደስ ስለሚል ሰው ይገዛው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ባወጣው የመጀመሪያ የወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ገብቶ መሸጡም፣ ማርባቱም ተከለከለ። አብረውት ካቦምባን የመሳሰሉ ታዋቂ የአኳሪየም ተክሎችም ገብተዋል። ቤታችሁ የቆየ ካለ በቆሻሻ መጣያ ጣሉት፤ ወንዝ ውስጥ፣ ሽንት ቤት ውስጥ፣ ቦይ ውስጥ አይሆንም።

ፕፌኒግክራውት እዚህ ተወላጅ ስለሆነ ቢያመልጥም ወገኑ ጋ ነው የሚሄደው። እኔ ከባዕድ ተክሎች የማስቀድመው ለዚህ ነው። ይኸው ተክል ግን ለጌጥ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተወስዶ፣ በምሥራቅና በመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች የወንዝ ዳር ጫካዎችን ወለል ምንጣፍ ሆኖ ሸፍኖታል፤ እዚያ እንደ ወራሪ ይቆጠራል። የአሜሪካ ዘመዶቻችሁ ከጠየቁ «በአኳሪየም ወይም በዝግ ማሰሮ ብቻ» በሏቸው። አዲስ አበባ ለእናታችሁ ግቢ በሻንጣ ልትወስዱላቸው ያሰባችሁም ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። የደጋው ቅዝቃዜና የጅረቶቹ ዳር እንዴት እንደሚስማማው ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ተክል ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ድንበር ማሻገርም ክልክል ነው።

ከኋላ አንድ ወንድም «ከወንዝ ዳር ቆርጬ ብወስድ እቀጣለሁ?» ብሏል። የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ካልሆነ፣ መግባትም ካልተከለከለ፣ ለራስ የሚሆን እፍኝ ያህል መቁረጥ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ በሥሩ መንቀል አያስፈልጋችሁም፣ የሚያስፈልጋችሁ ጫፉ ነው። ቀንድ አውጣና እንቁላሉ አብሮ እንዳይመጣ በደንብ አጥባችሁ ለጥቂት ቀናት በባልዲ አቆዩት። የተገላቢጦሹ ግን አይፈቀድም፤ ከአኳሪየም አውጥቶ ወንዝ ዳር መትከል፣ ያውም ባዕድ ተክል ከሆነ፣ ያስጠይቃል።

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሣጥን አለ። በግራ ያለው ከኩሬዬ የመጣ ነው፤ ለመሬትና ለበረንዳ ውሰዱት። በቀኝ ያለው ከአኳሪየም የወጣ ስለሆነ እርጥብ ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ከታችሁ ውሰዱት፤ ባቡር ውስጥ አንድ ሰዓት አየር ላይ ከቆየ ይደርቃል። ለአንድ ቤት አምስት ግንድ ይበቃል። ሽሪምፕ ያላችሁ ከቀኙ ብቻ ውሰዱ።